ጎማ አይከዳም

ሰልፍ የሚጠላ ሰው አጭሩን ሰልፍ ሲፈልግ ዓይኑ አያርፍም፤ ሰልፉ ያጠረበትን ምክንያት ግን ቀድሞ አይጠይቅም። ጋሼ ፍሬን በዚያ ጠዋት ባንክ ቤት ሲገቡ ያሰቡት ገንዘባቸውን አውጥተው በቀጥታ ወደ ጎማ ነጋዴው መሄድ ነበር እንጂ፣ በስተርጅና ከልጅ ጋር ክርክር መግጠም አልነበረም።

«ጋሼ ፍሬን» የሚለውን ስም ያወጡላቸው አብረዋቸው ከባድ መኪና ይነዱ የነበሩ ወጣቶች ናቸው። ቁልቁለቱ ገና ከሩቅ ሲታይ እሳቸው ፍሬን ይዘዋል። ወጣቶቹ ሊያፌዙ ያወጡትን ስም እሳቸው እንደ ሹመት ተቀበሉት፤ «ገደል የገባ ሁሉ ፍሬን የዘገየበት ነው» ይሉ ነበር። እውነትም ገደል ገብተው አያውቁም። ችግሩ ልማዱ ከመኪናው አብሯቸው መውረዱ ነው፤ አዲስ ሐሳብ በተነሳ ቁጥር ቀኝ እግራቸው ሳይታወቃቸው ወለሉን ይረግጣል።

ጊዜው ክፉ ነበር። የጭነት ድርጅቱ የሚጫን ዕቃ አጥቶ መኪኖቹን በግቢው ውስጥ ደርድሮ አቆመና ሹፌሮቹን የአገልግሎት ካሳ እየሰጠ አሰናበተ። በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ካሉት ሱቆች ግማሾቹ በመዝጊያቸው ላይ «ይሸጣል» የሚል ወረቀት ለጥፈዋል፤ የቀሩትም ባለቤቶች በር ላይ ወንበር አውጥተው አላፊ አግዳሚውን ያያሉ። የጋሼ ፍሬን ካሳ የዕድሜ ልክ ላብ ዋጋ ነው፤ ከእሱ ሌላ የሚመጣ የለም። ባለቤታቸው የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ ናቸው። ጉልበታቸው ደረጃ መውጣት እምቢ ካለ ቆይቷል፤ ሥራውን መተው የሚችሉት ይህ ገንዘብ ደህና ቦታ ከዋለ ብቻ እንደሆነ ባልም ሚስትም ያውቃሉ። ደህናው ቦታ የቱ ነው የሚለውን ግን ባል ብቻቸውን ወስነዋል። ጎማ ነው።

የባንኩ አዳራሽ ገንዘቡን ሊያወጣ በመጣ ሰው ታጭቋል። ቁጥር የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት የያዘው ሕዝብ የፕላስቲክ ወንበሮቹን ሞልቶ ግድግዳውን ተደግፏል፤ ሁሉም ዓይኑን የተከለው መስኮቶቹ ላይ ነው፤ ገንዘቡ ከፊቱ ያለው ሰው ላይ እንዳያልቅበት የፈራ ይመስላል። ጋሼ ፍሬንም ቁጥራቸውን ተቀብለው ዙሪያውን ሲቃኙ ከጥግ አንዲት ሴት ብቻ የቆመችበት መስኮት አዩ። «ይህ ሁሉ ሰው ዓይን የለውም?» ብለው ሄደው ከኋላዋ ቆሙ። ዘወር ስትል የሚስታቸው የእህት ልጅ ሆና አገኟት። በሳሙና ፋብሪካ ሒሳብ ሠራተኛ ናት። ከቤተሰቡ ኮሌጅ የረገጠች እሷ ብቻ ስለሆነች ዘመድ ሁሉ ይኮራባታል፤ ምክሯን ግን የሚሰማ የለም።

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ?» ብላ ጎንበስ አለች። «እርስዎም ወደዚህ መስኮት መጡ? ደስ ይላል።»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። አንቺም ልታወጪ ነው?»

«እኔስ ላስገባ ነው። ይህ እኮ የአክሲዮን መስኮት ነው።»

ጋሼ ፍሬን ቀና ብለው ከመስኮቱ በላይ የተጻፈውን አነበቡ። ቀኝ እግራቸው ወለሉን ረገጠ።

«ልጄ፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ጨሰ ብሎ ሲወጣ አንቺ ምንጣፍሽን ይዘሽ ትገቢያለሽ?»

«የጨሰ ሁሉ አይነድም ጋሼ። የሚነደውም አለ፤ ከእሱ እኔም እሸሻለሁ።»

ፈርማ ወረቀቷን ተቀበለች። መሄድ ትችል ነበር፤ ሥራም ነበረባት። ነገር ግን የአክስቷን ጉልበት ታውቃለች፣ የካሳውንም ወሬ ሰምታለች። የጋሼ ፍሬን ተራ ገና ሩቅ መሆኑን አይታ ሁለት ሰዎች ተጠርተው የተነሱበትን ወንበር ያዘችና አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ለመሆኑ» አሉ ጋሼ ፍሬን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሰው ባመጣሽ ቁጥር ስንት ይከፍሉሻል?»

«ማንም አልቀጠረኝም። ከደመወዜ ቆጥቤ ለራሴ ነው የገዛሁት።»

«እሱማ የባሰ ነው። የተቀጠረ እንኳ ደመወዝ ያገኝበታል። ስሚኝ ልጄ፣ እኔም አንድ ጊዜ ባለአክሲዮን ነበርኩ። የከተማ አውቶቡስ ሊያስመጣ ነው የተባለ ማኅበር ነበር። በድምፅ ማጉያ እየለፈፉ መጡ፤ የመሠረት ድንጋይ ተጣለ፤ ተጨበጨበ። ድንጋዩ እስከ ዛሬ አለ፤ ልጆች ይቀመጡበታል፣ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ያውቀዋል። አውቶቡሱን ግን ያየ የለም።»

ልጅቷ ሳቋን ዋጠች። «የሸጡላችሁ ሌቦች ናቸው፤ ስለ እነሱ አልከራከርም። ግን ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ መኪና ሲገዙ የሞተሩን ኮፈን ሳይከፍቱ ገዝተው ያውቃሉ?»

«አብጃለሁ እንዴ?»

«የዚያን ማኅበር ኮፈንስ ማን ከፈተው?»

ጋሼ ፍሬን ራሳቸውም አልከፈቱትም። ድምፅ ማጉያ ሰምተው፣ ጎረቤት ሲሰለፍ አይተው ነው የተሰለፉት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ለዚህ ነው። በግርግር የተገዛ በግርግር ይጠፋል፤ ሰው ግን ከጠፋው በኋላ ግርግሩን ትቶ አክሲዮኑን ይረግማል፤ ነገ ሌላ ግርግር ሲያይ ደግሞ ይሮጣል።

«እሺ» አሉ በመጨረሻ፣ «የአክሲዮን ኮፈኑ የት ነው?»

«የሒሳብ ሪፖርቱ ነው። በየዓመቱ ኦዲተር መርምሮ ይፈርምበታል። ሊገዛ ያሰበ ሰው ጠይቆ ያነበዋል፤ ማንበብ ካቃተው የሚያነብለት ይፈልጋል። እኔ መጀመሪያ የማየው ዕዳውን ነው። በደህና ጊዜ ባለዕዳውም ዕዳ የሌለበትም እኩል ይስቃሉ፤ የሚለዩት ክፉ ጊዜ ሲመጣ ነው። ገበያው ሲቀዘቅዝ ባለዕዳው ወለድ የሚከፍለው ያጣና ማሽኑን ይሸጣል፤ የባለአክሲዮኑም ድርሻ እንዳሉት ድንጋይ ሆኖ ይቀራል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ደግሞ ሰው ሲቸግረው መጨረሻ የሚተወው ምንድነው ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። አዲስ ልብስ ይተዋል። ሽርሽር ይተዋል። ቤት መሥራት ያቆማል። ዳቦ ግን አይተውም፤ ሳሙናና መድኃኒትም ቢቀንስ እንጂ አይተውም። ስለዚህ ዛሬ የገዛሁት የዱቄት ፋብሪካውን ድርሻ ነው። ዕዳ የለበትም፣ ወፍጮውም አልቆመም። ዋጋው የወረደው ፋብሪካው ታሞ አይደለም፤ ባለአክሲዮኖቹ ስለቸገራቸው ነው። አንዱ ሱቁ ተዘግቶበታል፣ ሌላው ከሥራ ወጥቷል፤ እና በተገኘው ዋጋ ይሸጣሉ። ያሳዝናል። እኔ ባልገዛቸው ግን ከዚህም በባሰ ዋጋ ነው የሚሸጡት።»

የዱቄት ፋብሪካው ስም ሲነሳ ጋሼ ፍሬን ወደ ቁራጭ ወረቀታቸው አቀረቀሩ። ፋብሪካውን ያውቁታል። የሚስታቸው አባት መጋዘን ጠባቂ ሆነው ያረጁበት፣ ሲሞቱም ድርሻ የተዉበት ነው። ድርሻው ዛሬ በቤታቸው የለም። ለምን እንደሌለ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ ስለዚህ ወሬውን ቶሎ ወደ ሌላ መለሱት።

«ርካሽ ነው ብለሽ የገዛሽው ነገም ቢረክስስ? ይውደቅ ይውደቅና ሲለይለት ይገዛል እንጂ።»

«መቼ እንደሚለይለት የሚያውቅ ሰው ቢኖር ዛሬ እዚህ ሰልፍ ላይ ባልተገኘ። እኔም አላውቅም። ስለማላውቅ ነው በየወሩ ጥቂት ጥቂት የምገዛው። ነገ ቢረክስ በርካሹ እጨምራለሁ፤ ቢወደድ ደግሞ የዛሬው አለኝ። ደግሞ ርካሽ ስለሆነ ብቻ አልገዛም ጋሼ። እኔም ተቃጥያለሁ። የዛሬ ዓመት የአንድ ሆቴል አክሲዮን በግማሽ ዋጋ አገኘሁ ብዬ ደስታዬን ለሰው ሁሉ አወራሁ። ሪፖርቱን ያነበብኩት ከገዛሁ በኋላ ነው። ሆቴሉ እስከ አንገቱ ዕዳ ውስጥ ነበር፤ እንግዳም የለው። አሁን በሩ ላይ የተቆለፈው ቁልፍ ላይ የእኔም ድርሻ አለበት።»

«ተቃጥለሽ ደግሞ ተመለስሽ?»

«እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። እባቡን ከልጡ መለየት ስማር መበርገጉን ተውኩት። አሁን ሁሉንም በአንድ ቦታ አላደርግም፤ ለቤት ኪራይና ለምግብ የሚያስፈልገኝን ገንዘብም አልነካም።»

ጋሼ ፍሬን ፈገግ አሉ። ልጅቷን ይወዷታል፤ ግን መውደድና ማመን ለየቅል ነው።

«ይሁን፣ አንደበተ ርቱዕ ነሽ። ቢሆንም ያው ወረቀት ነው። ጎማ ግን ዕቃ ነው፤ ትነኪዋለሽ፣ ትቀመጪበታለሽ። ባለፈው ክፉ ጊዜ ጎማ ከገበያ ሲጠፋ ሁለቱን አውጥቼ በሦስት እጥፍ ሸጫለሁ። ጎማ አይከዳም።»

«የቀሩትንስ?»

«ገና ይጨምራል ብዬ ያዝኳቸው።»

«ጨመረ?»

«ይጨምራል።»

«ጋሼ፣ ድርጅቱ ለምን ነበር ያሰናበታችሁ?»

«መኪናው ስለቆመ ነዋ! የሚጫን የለም።»

«መኪናው ከቆመ ጎማውን ማን ይገዛዎታል?»

የሰውየው ቀኝ እግር እንደገና ወለሉን ረገጠ። ዕድሜውን በመሪ ላይ የጨረሰ ሰው ዓለም ሁሉ በጎማ የሚሄድ ይመስለዋል። ጋሼ ፍሬንም መኪናቸው ቆሞ የተሰጣቸውን ካሳ ይዘው የቆመ መኪና ጎማ ሊገዙ ነበር የመጡት፤ ይህን ሌላ ሰው ቢያደርገው ሻይ ቤት ቁጭ ብለው ወር ሙሉ ይስቁበት ነበር።

በዚህ መሐል የባንኩ ጥበቃ ወንበር ላይ ወጥቶ «ሲስተም ጠፍቷል፣ ከሰዓት በኋላ ተመለሱ» አለ። ሕዝቡ አጉረመረመ፤ አንዳንዱም ገንዘቡ ሲያልቅባቸው በሲስተም ያሳብባሉ ብሎ ጮኸ። ጋሼ ፍሬን ግን በክርክሩ ተበልተው ወደ ቤት መግባት አልፈለጉም።

«ነይ» አሏት፣ «ዕቃ ማለት ምን እንደሆነ በዓይንሽ እዪ።»

ቤታቸው ቅርብ ነው። ከጓሮ በኩል ለኪራይ ተብሎ የተሠራ አንድ ክፍል አለ፤ ተከራይ ግን ገብቶበት አያውቅም። ከወለል እስከ ቆርቆሮ ጣሪያው ድረስ ጎማ ተቆልሎበታል። በሩ ሲከፈት የተጠራቀመው ሙቀትና ሽታ ፊት ይመታል፤ ሽታው በግድግዳው አልፎ አልጋ ልብሱ ድረስ እንደሚገባ ባለቤታቸው ስንት ጊዜ አመልክተው ሰሚ አጥተዋል። ጋሼ ፍሬን በመስኮቱ በኩል ካለው ክምር አንዱን አውርደው፣ አቧራውን በእጃቸው አራግፈው፣ እንደ ልጅ አቁመው ያዙት።

«እዪ። መንገድ አልቀመሰም።»

ወደ ብርሃኑ አዞሩት። በጎማው ጎን ላይ ከዳር እስከ ዳር ደቃቅ ስንጥቅ ነበር። «አቧራ ነው» አሉና በእጅጌያቸው ወለወሉት። አልጠፋም። በአውራ ጣታቸው ጫን ሲሉት ስንጥቁ አፉን ከፈተ። ሁለተኛውን አወረዱ። ሦስተኛውን ከሥር ጎትተው አወጡ። ጎማ በመንገድ ብቻ ሳይሆን በዓመትና በሙቀትም እንደሚሞት ለስንት ረዳት አስተምረዋል። እንዲህ ያለ ጎማ ጋራዡ ቢያስርላቸው ኖሮ መካኒኩን አባረው መኪናውን አናንቀሳቅስም ይሉ ነበር። በሰው መኪና ላይ ቢሆን በአንድ እይታ የሚያዩትን፣ የራሳቸው ሀብት ስለሆነ ይህን ሁሉ ዓመት አላዩትም።

ባለቤታቸው ከሥራ ሲመለሱ ያገኟቸው እንዲህ ሆነው ነው፤ ባል ጎማ ላይ ተቀምጠው፣ ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ። ሴትየዋ የሥራ ጫማቸውን የያዘውን ከረጢት መሬት ላይ አስቀምጠው የተሰነጠቀውን ጎማ አዩና ፊታቸው ላይ መገረም እንኳ አልታየም።

«አሁን ገና አየኸው?» አሉ።

«ታውቂ ነበር?»

«እዚህ ቤት የሚጠርግ ማን ነው? ብነግርህስ ትሰማኝ ነበር?»

«አክስቴ፣ ቁጭ በይ፣ ቆመሽ ዋልሽ» አለች ልጅቷ። «ስለ አክሲዮን እያወራን ነበር።»

«ለእሱ ስለ አክሲዮን አትንገሪው ልጄ፤ ከአንቺ በፊት ያውቀዋል።» ሴትየዋ ደረጃው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም፣ ያ ነው የከፋው። «አባቴ መጋዘን ጠባቂ ሆኖ ከደመወዙ እያስቆረጠ የዱቄት ፋብሪካውን ድርሻ ገዛ። ሲሞት ለእኔ ተወው። ስም ይዛወር ሲባል ይህ ሰው ‹ቤታችን አንድ ነው፣ በእኔ ስም ይሁን› አለ። ሽማግሌዎቹም ሴት ወረቀት ይዛ ምን ታደርጋለች ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እኔም አፍሬ ዝም አልኩ። ከዚያ ያ ክፉ ጊዜ መጣ። አንድ ቀን መኪና በራችን ላይ ቆመና ጎማ ማራገፍ ጀመረ። የአባቴ ድርሻ መሸጡን የሰማሁት ጎማው ሲወርድ ነው።»

«ሁሉም ሰው ይሸጥ ነበር እኮ» አሉ ጋሼ ፍሬን። «ሊያልቅለት ነው፣ ከዜሮ ይሻላል ብዬ ነው። እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ሰዉ ሁሉ ይሸጥ ነበር።»

«ሁሉም ከሸጠ ማን ገዛ?»

ጋሼ ፍሬን ወለሉን አዩ። ማን እንደገዛ ያውቃሉ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ፀጉር ቆራጭ ነው። ድርሻውን ሲገዛቸው ስቀውበት ነበር፤ «መቀሱ አእምሮውን ቆረጠው» ብለው ሻይ ቤቱን ሁሉ አስቀዋል።

«ፀጉር ቆራጩ ከመግዛቱ በፊት» አሉ ሴትየዋ ወደ ልጅቷ ዞረው፣ «ሱቁን ዘግቶ ፋብሪካው በር ላይ ዋለ። ዱቄት የሚጭነው ሰው ቀንሶ እንደሆነ ሊያይ ነው። አልቀነሰም። ይህን ራሱ ነው የነገረኝ። አመስግኖኛልም እኮ፤ ልጄን ያስተማረችልኝ ያቺ ድርሻ ናት ብሎ እጄን ይዞ አመስግኖኛል። ልጁ ዛሬ እኔ ወለል በምወለውልበት ሆስፒታል ሐኪም ናት። ስታልፍ ‹እናቴ፣ ወገብዎን እንዳያምዎት ቀስ ይበሉ› ትለኛለች። ጨዋ ልጅ ናት።»

ሰው በሰው ክርክር ሲረታ ሌላ መልስ ይፈልጋል፤ በገዛ እጁ ሥራ ሲረታ ግን የሚፈልገው መቀመጫ ብቻ ነው። ጋሼ ፍሬን ተቀምጠውበት የነበረው ደግሞ ያው ጎማ ነበር።

«እንግዲህ» አሉ በመጨረሻ፣ «አሁን ምን ይደረግ? ካሳውን በሙሉ አውጥቼ ድርሻውን መልሼ ልግዛ?»

«እንደሱ ካደረጉ ተመልሰው እዚያው ገቡ» አለች ልጅቷ። «ዛሬ ጎማ ላይ የሮጡት ነገ አክሲዮን ላይ ቢሮጡ ያው ሩጫ ነው። መጀመሪያ ለሁለታችሁ የዓመት ቀለብ፣ መድኃኒትና ድንገተኛ ነገር የሚበቃው ተለይቶ ይቀመጥ። እሱን ማንም አይንካው። ከቀረው ላይ ጥቂቱን የዱቄት ፋብሪካው ላይ፣ ጥቂቱን ሌላ ዕዳ የሌለበት ድርጅት ላይ፣ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀስ እያሉ። ብድር አይበደሩ። ሪፖርቱን አብረን እናነባለን፤ ያልገባንን እንጠይቃለን፣ መልስ ካልሰጡን አንገዛም። ደግሞ ልዋሽዎት አልፈልግም፤ ዋጋው ከዚህም ሊወርድ ይችላል፣ የዓመቱ ትርፍም ትንሽ ሊሆን ይችላል። ለመታገሥ ካልቆረጡ አሁኑኑ ይተዉት።»

«ትንሽ ማለት? አክስትሽ ሥራ ትታ መቀመጥ የምትችልበት ነው?»

ልጅቷ አክስቷን አየቻቸው። «ቶሎ አይደለም» አለች።

«ያኔ ብታቆየው ኖሮ ይበቃ ነበር» አሉ ሴትየዋ፣ እና ተነስተው ውሃ ሊጥዱ ገቡ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለታቸው ነበር፤ ባልም ተረቱ ሳይነገር ገብቷቸዋል።

በማግስቱ ጋሼ ፍሬን ከአሮጌ ጎማ ባልዲ የሚሠራ ሰው ጠርተው ጎማውን ሁሉ በወረደ ዋጋ ሸጡለት። ሰውየው ጋሪ እየመላለሰ ሲጭን «ይህን ሁሉ ዓመት ምን ሊያደርጉት ነበር አባቴ?» ብሎ ጠየቃቸው፤ እሳቸው ቀጣዩን ጎማ አቀበሉት። ክፍሉ ሲጠረግ ግን ሰው ሊኖርበት የሚችል ደህና ክፍል ሆኖ ተገኘ፤ በዚያው ሳምንት ተከራየ። ጋሼ ፍሬን ለመጀመሪያ ጊዜ በየወሩ የሚገባ ገንዘብ ሲያዩ ደስ ከማለት ይልቅ ያለፉትን ወራት ሁሉ አስበው አንገታቸውን ደፉ።

ሪፖርቱን ከልጅቷ ጋር ሁለት ማታ አነበቡት። የማይገባቸው ሲበዛ ተበሳጩ፣ ሲገባቸው ደግሞ የበለጠ ተበሳጩ፤ የዱቄት ፋብሪካው በዚያ ክፉ ጊዜ እንኳ አንድም ዓመት ትርፍ ማካፈሉን አላቋረጠም ነበርና። ከዚያም ያወቁትን ለብቻ መያዝ አልሆነላቸውም። ሻይ ቤት ሄደው ካሳቸውን በኪሳቸው ይዘው ለተቀመጡት የቀድሞ ሹፌሮች ይናገሩ ጀመር።

«ስሙኝ» አሉ። «ገንዘባችሁን ዕቃ ስትገዙበት ዕቃው ቦታ ይፈልጋል፣ ጠባቂ ይፈልጋል፣ ደግሞም ያረጃል። ድርሻ ግን የሚሠራ ነገር ላይ ነው፤ እናንተ ስትተኙ ወፍጮው ይፈጫል። ማናችንም ብቻችንን ፋብሪካ አናቆምም፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ ነው። ሰው ሁሉ በደነገጠበት ሰዓት ረጋ ብሎ የመረመረ ሰው ደህናውን በርካሽ ያገኛል፤ ፋብሪካውም ባለቤት አጥቶ አይዘጋም፣ የእኛም ልጆች እዚያ ይቀጠራሉ። ስንሞት ለልጆቻችን እንደ ዕቃ በመጥረቢያ ሳይቆረጥ ይካፈላል። ግን ወሬ ሰምታችሁ አትግዙ። ወሬ ሰምታችሁም አትሽጡ። የሁለተኛውን ዋጋ እኔን ጠይቁኝ።»

«ወይ ጉድ፣ ፍሬናችን ፍሬን በጠሰ» አለ አንዱ፣ ቤቱም በሳቅ ሞላ። ጋሼ ፍሬን ፀጉር ቆራጩ የተሳቀበትን ቀን አስታወሱና ሻያቸውን ጠጡ። ሲወጡ አንድ ሰው ብቻ ተከትሏቸው ወጥቶ፣ ዙሪያውን ከቃኘ በኋላ፣ ያ ሪፖርት የሚሉት ነገር የት እንደሚገኝ ቀስ ብሎ ጠየቃቸው። ነገሩት።

ወደ ባንኩ የሄዱት ባልና ሚስት ብቻቸውን ነው፤ ልጅቷ ሥራ ላይ ነበረች። ሴትየዋ የከሰዓት ፈረቃ ስላለባቸው የሥራ ልብሳቸውን በከረጢት ይዘው ነበር። የማውጫው ሰልፍ እንደ ወትሮው በሩን አልፎ መንገድ ላይ ወጥቷል፤ በጥግ ያለው መስኮት ላይ ማንም አልነበረም። የቀለቡ ገንዘብ ተለይቶ፣ የቀረውና የጎማው ዋጋ ተደምሮ፣ በመጀመሪያው ዙር የሚገዛው ድርሻ አማታቸው ከተዉት አምስት እጅ አንዱን እንኳ አልሞላም።

«በማን ስም ይሁን?» ብላ ጠየቀች መስኮቱ ላይ ያለችው ወጣት።

ጋሼ ፍሬን የዚህን መልስ ከቤታቸው ጀምረው ሲያሰላስሉት መጥተዋል። ጉሮሯቸውን ጠረጉና «በባለቤቴ ስም ጻፊው» አሉ፤ ከዚያም የሚስታቸውን ፊት ለማየት ዘወር አሉ። ሴትየዋ ግን የሚያዩት ወደ ወጣቷ ነበር።

«ልጄ፣ ይህን ለመሸጥ የማን ፊርማ ነው የሚያስፈልገው?»

«የእርስዎ ብቻ ነው እናቴ።»

«እሱ ብቻውን ቢመጣስ?»

«ያለ እርስዎ ውክልና ምንም ማድረግ አይችሉም።»

«እስኪ ድገሚው» አሉ ሴትየዋ፣ «እሱም ይስማው።»

ወጣቷ ግራ ተጋብታ ሁለቱንም እያየች ደገመችው። ጋሼ ፍሬን ቆመው ሰሙ። ሴትየዋ በተሰጣቸው ቦታ ላይ ቀስ ብለው ፈረሙ፤ ወረቀቱን ከረጢቱ ውስጥ ከሥራ ልብሳቸው ሥር ከተቱና ሰዓታቸው ደርሶ ስለነበር ወደ ሆስፒታሉ ሄዱ።